ሦስተኛው ባለቤት

ማንም በማያይህ ጊዜ፣ ማንም መርምሮ ሊደርስበት በማይችል ነገር፣ ለማታውቀው ሰው ብለህ ራስህን ብትቆጥብ ይህ ምን ይባላል? ደግነት እንዳንለው ተቀባዩ ገና የለም። ታማኝነት እንዳንለው ቃል የተገባለት ሰው የለም። «ሞኝነት ነው» የሚሉ አሉ፤ አንዱ የቅርብ ጓደኛዬ ስለሆነ ኋላ እመለስበታለሁ። ጥያቄው የመጣብኝ የሥነ ምግባር መጽሐፍ ሳነብ አይደለም። አዲስ የስፖርት መኪና ገዝቼ የመጀመሪያዎቹን 1,000 ኪሎሜትሮች እየተጠነቀቅሁ ስነዳ ነው።

ነገሩ ቅንጦት መሆኑን አስቀድሜ ልናገር። አዲስ አበባ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተምሬ፣ አሁን ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ሶፍትዌር እየጻፍኩ የምኖር፣ ሠላሳ ያልሞላኝ ሰው ነኝ። መኪናዋ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ናት፤ እዚህ አሜሪካ ሁሉም «ሚያታ» ነው የሚላት። ሁለት ወንበር፣ ታጣፊ የሸራ ጣሪያ፣ በእጅ የሚቀየር ስድስት ማርሽ፣ 2.0 ሊትር ሞተር፣ 181 የፈረስ ጉልበት። ክብደቷ ከ1,100 ኪሎ በታች ነው። በጣም ፈጣን ከሚባሉት ተርታ አትሰለፍም፤ ግን እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ስትሠራ የኖረችው ሰው መንዳት ደስ ይለው ዘንድ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ለእናቴ በስልክ ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስንት ሰው እንደምትይዝ ነበር። «ሁለት» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «እሺ፣ አንተና ሚስትህ እንበል። ልጆቹስ?» አለች። ሚስትም ልጅም የለኝም። ለእሷ ግን መኪና ማለት ሰው የሚጫንበት ነገር ነው፤ ለቅሶ የሚደረስበት፣ በሌሊት ሐኪም ቤት የሚሮጥበት፣ ጎረቤት «እግረ መንገድህን አድርሰኝ» የሚልበት። እውነቷን ነው። እኔ የገዛሁት ለቁም ነገር የሚሆን መኪና አይደለም። ሆኖም ጥያቄው ጥርት ብሎ የሚታየው እንዲህ ባለ ዕቃ ላይ ይመስለኛል፤ ማንም ግዛ ያላለህ፣ በገንዘብህ ያመጣኸው፣ እንደፈለግህ ብታደርገው «ምን አገባህ» ማለት የምትችልበት ዕቃ ላይ።

ርክክቡ የተደረገው ቅዳሜ ጠዋት ነው። የወረቀቱ ሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ፤ የመኪናዋ ግን ሃያ ደቂቃ አልሞላም። ሻጩ ስልኬን ከመኪናዋ ጋር አገናኘልኝ፣ የጣሪያውን መቆለፊያ አሳየኝ፣ ሁለት ቁልፍ ሰጠኝ፣ ፎቶ አነሳኝ። እኔም የራሴን ዝርዝር ይዤ ዞርኳት። ቀለሟን ፀሐይ ላይ አየሁ፣ የበሮቹን ክፍተት በጣቴ ለካሁ፣ የሻንሲ ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር መግጠሙን አረጋገጥኩ፣ የጎማዎቹን ንፋስ ለካሁ። አዲስ መኪና በመርከብ ሲጫን ጎማው ከልኩ በላይ ተነፍቶ ነው፤ ከማስረከቡ በፊት ወደ ልኩ መመለስ አለበት። ተመልሷል። ስለ መጀመሪያዎቹ 600 ማይሎች ሻጩ ምንም አላነሳም። እኔም አልጠየቅሁትም፤ ዕቃው ሳይመጣ መመሪያውን ማንበብ የቆየ ልማዴ ስለሆነ ጽሑፉን ከሳምንት በፊት ጨርሼው ነበር።

ቆጣሪው ላይ 7 ማይል ይነበባል። መኪናዋ የተሠራችው ሂሮሺማ ነው። እዚያ አንድ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ አስነስቷታል፤ ሌላው ከፋብሪካው አውጥቷታል፤ ሌላው መርከብ ውስጥ አስገብቷታል፤ ሌላው አውርዷታል። «አዲስ» የምንላት መኪና ከእኛ በፊት የነዷት ሰዎች አሏት። ቁልፉን ስቀበል ይህን እንደ ቀላል ነገር ነበር ያየሁት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን እነዚያ ሰባት ማይሎች የጥያቄዬ ቁልፍ ሆነው አገኘኋቸው።

* * *

ሀገር ቤት መካኒኮች «ሮዳጅ» የሚሉት ነገር አለ። ቃሉ እንደ ፍሪሲዮንና እንደ ማርሽ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። አዲስ ሞተር፣ ወይም ወርዶ የታደሰ ሞተር፣ ክፍሎቹ እርስ በርስ እስኪላመዱ ድረስ በጥንቃቄ የሚነዳበት ጊዜ ማለት ነው።

ውስጡ የሚሆነው እንዲህ ነው። የሲሊንደሩ ግድግዳ ለዓይን ልሙጥ ቢመስልም ፋብሪካ ውስጥ ሆን ተብሎ በተጠላለፉ ስስ ጭረቶች ይሞረዳል። ጭረቶቹ ዘይት ይይዛሉ። በመካከላቸው የሚቀሩት ጥቃቅን ጫፎች ግን ገና ሹል ናቸው። ፒስተኑ ላይ የተገጠሙት ቀለበቶች በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ወደ ላይና ወደ ታች ሲመላለሱ እነዚያን ጫፎች ያለሰልሷቸዋል፤ ቀለበትና ግድግዳ አንዱ የሌላውን ቅርጽ እየያዘ ይሄዳል። ይህ በወጉ ከተካሄደ የቃጠሎው ጋዝ ወደ ታች አያመልጥም፣ ዘይቱም ወደ ላይ ወጥቶ አይቃጠልም። በወጉ ካልተካሄደ ሞተሩ በዚያው ሳምንት አይሞትም። ምንም አይሆንም። ጉዳቱ ከታየም የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ጉልበቱ እየቀነሰ፣ ዘይት እየበላ ይሄዳል። ፍሬኑም እንዲሁ ነው፤ ሸራውና ዲስኩ እስኪተዋወቁ ጊዜ ይፈልጋሉ። አዲስ ጎማም ላዩ እስኪፋቅ ድረስ መሬቱን እንደ ኋላው አይቆነጥጥም።

የእኔዋ መመሪያ ነገሩን በለዘብታ ነው የሚያቀርበው። ልዩ የማለማመጃ ሥርዓት አያስፈልግም ይላል፤ ሆኖም በመጀመሪያዎቹ 600 ማይሎች ማለትም 1,000 ኪሎሜትሮች ጥቂት ጥንቃቄዎች ቢደረጉ ለመኪናዋ አቅም፣ ለነዳጅ ቁጠባዋና ለዕድሜዋ ሊበጅ ይችላል ብሎ ይዘረዝራል። ሞተሩን አታስጩኸው። ለረጅም ጊዜ በአንድ ዓይነት ፍጥነት አትንዳ፣ ዝግ ያለም ይሁን ፈጣን። ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጠህ ወይም በከፍተኛ ዙር ላይ ብዙ አትቆይ። ካላስፈለገ ድንገተኛ ፍሬን አትያዝ። ከቆምክበት ስትነሳ ሙሉ ነዳጅ አትስጥ። በቃ፣ ይኸው ነው።

«ሊበጅ ይችላል» የሚለው ላይ ቆምኩ። በእኛ ሙያ እንዲህ ያሉ ቃላት ይመዘናሉ። የኢንተርኔትን ደረጃዎች የሚጽፉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1997 አርኤፍሲ 2119 በሚባል አጭር ሰነድ «ግድ ነው»፣ «ይመከራል» እና «ይቻላል» የሚሉትን ለያይተው ተርጉመዋል። ግድ የተባለውን ያልፈጸመ ፕሮግራም ደረጃውን አላሟላም። የተመከረውን የተወ ደግሞ መዘዙን አውቆ፣ በቂ ምክንያት ይዞ መሆን አለበት። የመኪናዬ መመሪያ ግድ አላለኝም። ሌሎች ጠንከር ይላሉ፤ ፖርሽ ለ911 ባለቤቶች የመጀመሪያዎቹን 3,000 ኪሎሜትሮች ከ4,000 ዙር እንዳያልፉ ሲመክር ኖሯል፤ የቢኤምደብሊው ኤም መኪኖችም 2,000 ኪሎሜትር ላይ ለፍተሻ ይጠራሉ። በሌላ በኩል የዛሬ ፋብሪካ ሥራው ጥራት ስላለው ሮዳጅ የድሮ ወግ ነው የሚሉ መካኒኮች አሉ። ከመጀመሪያው ቀን ጠንከር አድርጎ መንዳት ይሻላል የሚሉም አሉ። ክርክራቸው መሠረት አለው፤ ቀለበቱን ወደ ግድግዳው የሚገፋው የቃጠሎው ግፊት ራሱ ነውና ሞተሩ ጨርሶ ሳይሠራ ከተለሰለሰ ላይላመድ ይችላል። መመሪያው አንድ ወጥ ፍጥነትን የሚከለክለውም ስለዚህ ነው። በሬ የገራ ገበሬ ይህን ያውቀዋል። ወይፈኑን ከለመደው በሬ ጋር ይጠምደዋል፣ መጀመሪያ ቀላል መሬት ያሳርሰዋል፤ እያዘነለት ጨርሶ ካላሠራው ግን ወይፈኑ ሳይገራ ይቀራል።

የእኔ ቀላል መሬት ስካይላይን ድራይቭ ሆነ። ከዋሽንግተን ወደ ምዕራብ 70 ማይል ያህል ሄደው ፍሮንት ሮያል ከተማ ሲደርሱ ይጀምራል፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተሠራ፣ በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በብሉ ሪጅ ተራሮች ጀርባ ላይ የሚሄድ የ105 ማይል መንገድ ነው። የፍጥነት ገደቡ 35 ማይል፣ ማለትም 56 ኪሎሜትር በሰዓት ነው። ሽቅብ፣ ቁልቁል፣ ኩርባ፣ ደግሞ ሽቅብ። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ ተመልሶ ሦስተኛ። ሞተሩ ይጫናል፣ ይለቀቃል፣ ይጫናል። ለራሴ 4,000 ዙርን ጣሪያ አድርጌያለሁ። ጣሪያው ተከፍቷል፤ የጥድ ሽታ ይገባል። እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ጭራሽ መሥዋዕትነት አይመስልም።

* * *

መሥዋዕትነቱ የተሰማኝ ስንመለስ፣ አውራ ጎዳናው ላይ ነው። አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ የሒሳብ ባለሙያ ነው። ወደ አውራ ጎዳናው የሚያስገባው መንገድ ረጅምና ባዶ ነበር፤ እኔ 4,000 ላይ ማርሽ ቀየርኩ።

«ኧረ አንዴ ርገጣት!» አለኝ። «እስከ 7,500 የምትዞር ሞተር ገዝተህ ግማሹን ነው እንዴ የምትነዳው?»

«ሮዳጅ ላይ ናት።»

«ስንት ዓመት ነው የምትይዛት?»

«ሦስት፣ ቢበዛ አራት።»

«ዛሬ ብትረግጣት በአራት ዓመት ውስጥ ምን ትሆናለች?»

«ምንም።»

«እና ለማን ነው የምትጠነቀቀው?»

ዝም አልኩ። ቢያሾፍም ጥያቄው የሒሳብ ሰው ጥያቄ ነው። ደስታው የሚቀነሰው ከእኔ ነው፣ ዛሬ። ጉዳት ካለ የሚደርሰው ሌላ ሰው ላይ ነው፣ ምናልባት ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ምናልባት ጨርሶ። እኔ እሸጣታለሁ። የገዛኝም ይሸጣታል። ቆጣሪው መቶ ምናምን ሺህ ማይል ሲያሳይ ሦስተኛው ባለቤት ይረከባታል። ያ ሰው ዛሬ መንጃ ፈቃድ የሌለው፣ ምናልባት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለ ልጅ ነው። ለእሱ ብዬ ነው የምቆጥበው? ጓደኛዬ እንደሚለው ሒሳቡ አይገጥምም።

መጀመሪያ የሞከርኩት መልስ ገበያ ነው፤ በጥንቃቄ ከያዝኳት በጥሩ ዋጋ እሸጣታለሁ። ይህ መልስ ግን አይሠራም፤ ለምን እንደማይሠራም ከታወቀ ቆይቷል። አሜሪካኖች ውጪዋ አምሮ ውስጧ የተበላሸ መኪናን «ሎሚ» ይሏታል። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው የኢኮኖሚ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ሎሚ ገበያ አንድ ጥናት አሳተመ፤ በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ኖቤል ከተሸለመባቸው ሥራዎች ዋናው ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ውስጡን ማየት ስለማይችል ለሁሉም የሚከፍለው መካከለኛ ዋጋ ነው። በጥንቃቄ የያዘም ያጎሳቆለም ያንኑ ካገኙ ጥሩ መኪና ያለው ሰው ለመሸጥ ይሰለቻል፤ ገበያው ውስጥ የሚቀረው ሎሚ ይበዛል። ካርፋክስን የመሰሉ የመኪና ታሪክ መዝገቦች የመጡት ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። አደጋ ደርሶባት ከሆነ፣ ስንት ባለቤት እንደነበራት፣ መቼ ሰርቪስ እንደገባች ይነግሩሃል። የመጀመሪያዎቹ 1,000 ኪሎሜትሮች እንዴት እንደተነዱ ግን አይነግሩህም። ስለዚህ ገበያው ለጥንቃቄዬ አንድ ዶላር አይጨምርልኝም። ራስ ወዳድነት እንደ ምክንያት ከዚህ ላይ ያበቃል። ጥያቄው ራቁቱን ቀረ፤ ለማንም የማይታይ፣ ለእኔ የማይከፍል፣ ለሦስተኛው ሰው ብቻ የሚጠቅም ነገር ለምን አደርጋለሁ?

* * *

እዚህ ላይ ስለ አባቴ ዲኤክስ ማውራት አለብኝ፤ ምክንያቱም እኔ ያደግሁት በብዙ እጅ ያለፈ መኪና ውስጥ ነው።

አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው ዲኤክስን ያውቃታል፤ የ1980ዎቹ ቶዮታ ኮሮላ ናት። የእኛዋ ከእኔ ዕድሜ ትበልጥ ነበር። አባቴ ሲገዛት ስንተኛ ባለቤቷ እንደሆነ አያውቅም፤ የማስታውሰው ግን ጠዋት ጠዋት ከኋላዋ የሚወጣውን ሰማያዊ ጭስና ከዕቃ መጫኛው የማይጠፋውን የዘይት ጠርሙስ ነው። ስምንተኛ ክፍል እያለሁ ሞተሯ ወረደ። በዚያ ዓመት አባቴ ዕቁብ ደርሶት ነበር፤ ገንዘቡ የታሰበው ለሚያፈሰው የቤታችን ቆርቆሮ ነው። ለሞተር ዋለ። ቆርቆሮው አንድ ክረምት ሙሉ ጠበቀ፤ እኛም ባልዲ እያስቀመጥን ከረምን።

ሮዳጅ የሚለውን ቃል የሰማሁት ያኔ ነው። መካኒኩ ቁልፉን ሲመልስ «ጋሼ፣ እስከ 1,000 ኪሎ ከ60 እንዳያልፉ፤ ሮዳጅ ናት» አለው። አባቴም አላለፈም። ወደ አዳማ ስንሄድ ሚኒባሱ፣ አይሱዙው፣ ሁሉም በክላክስ እየጮኸብን አለፈን። እኔ በኀፍረት ወንበሩ ውስጥ ተሸሸግሁ። እሱ በሁለት እጁ መሪውን ይዞ፣ በ55፣ እንደ ሙሽራ አጃቢ ይነዳል።

ያቺ መኪና ዘይት የበላችው ጃፓን ወይም ሌላ አገር የነበረ የመጀመሪያ ባለቤቷ ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት ስላጎሳቆላት ነው ብዬ አልከራከርም። በዚያ ዕድሜ ላይ ለደረሰ ሞተር መቶ ምክንያት ይኖራል፤ አቧራው፣ ነዳጁ፣ ያልተቀየረው ዘይት። ማለት የምችለው ይህን ነው። ሰዎች እጃቸው ላይ በነበረችበት ጊዜ ያደረጉትና ያላደረጉት ሁሉ ተጠራቅሞ አንድ ቀን እኛ ቤት ደረሰ፤ ሒሳቡን የከፈለው የእኛ ቆርቆሮ ነው። ከእነሱ አንዳቸውም አያውቁንም። በነሱ ዓይን እኛ ገና አልነበርንም።

ዴሬክ ፓርፊት የተባለው እንግሊዛዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ምሳሌ አለ። አንድ ሰው ጫካ ውስጥ የተሰበረ ጠርሙስ ጥሎ ይሄዳል፤ ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ ልጅ እግሩን ይቆረጥበታል። ልጁ ጠርሙሱ በተጣለበት ቀን አልተወለደም ብሎ ጉዳቱን ማቅለል ይቻላል? ፓርፊት አይቻልም ባይ ነው፤ ርቀት ጉዳትን እንደማያሳንስ ሁሉ ዘመንም አያሳንስም። እኔ ይህን ያነበብኩት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው፤ ግን እውነትነቱን ለመቀበል ብዙ አልተቸገርኩም። ባልዲው ውስጥ የሚንጠባጠበውን ውኃ ሰምቻለሁና።

አባቴ ዲኤክሷን በመጨረሻ ሲሸጣት ሽቅብ ላይ ስትሞቅ ሦስተኛ ማርሽ እንደምትለቅ ለገዢው ነገረው። ሰውየው ነድቶ ሞክሯት ነበር፤ ሜዳ ላይ ስለነዳት አልታወቀውም። ሲነገረው ከዋጋው ቀነሰ። ማታ እናቴ «ሳይጠይቅህ ለምን ነገርከው?» አለችው። «ነገ ዳገት ላይ ትቆምበታለች» አለና ራቱን ቀጠለ።

* * *

በአማርኛ ለዚህ የሚቀርብ ቃል አደራ ነው። አደራ ከባድ ቃል ነው፤ አደራ በላ የሚለው ስድብ ከሌባም ይብሳል። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይባላል። ግን አደራ ሰጪ ይፈልጋል። አንድ ሰው ገንዘቡን፣ ልጁን ወይም ምስጢሩን ሰጥቶህ «አደራህን» ሲልህ ነው የምትታሰረው። ሦስተኛው ባለቤት ምንም አልሰጠኝም። እንዲያውም ሰጪው እኔ ነኝ፤ እሱ ተቀባይ ነው። ሰጪ የሌለው አደራ ይኖራል ወይ?

እዚህ ነው ሰባቱ ማይሎች የተመለሱልኝ። ስካይላይን ላይ ቁልቁል ስወርድ ፍሬን ስይዝ ፍሬኑ ያዘ። መሪውን ስዞር ዞረ። እነዚያን ብሎኖች ማን እንዳጠበቃቸው አላውቅም፤ ላውቅም አልችልም። ሕይወቴን ያስቀመጥኩት በማላውቃቸው ሰዎች እጅ ሥራ ላይ ነው። እነሱም አያውቁኝም፤ ብሎኑን ሲያጠብቁ እኔ ለነሱ ያልተወለደ ሰው ያህል ነበርኩ። ስለዚህ አደራው ሰጪ የለውም ያልኩት ወደ ፊት ብቻ ስለተመለከትኩ ነው። ዞር ብዬ ሳይ ከኋላዬ የቆመ ሰው አለ፤ ሳልጠይቀው ጠንቅቆ አስረክቦኛል። እኔ መሐል ላይ ነኝ። የመጀመሪያ ባለቤት የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። ባለቤትነቱ በእኔ ቢጀምርም ጥንቃቄው በእኔ አልጀመረም።

ጓደኛዬ ይህን ብነግረው የሚመልሰውን አውቃለሁ፦ «እነሱ ደመወዝ ይከፈላቸዋል፤ ተቆጣጣሪም አለባቸው።» ልክ ነው። ዘመናዊ ፋብሪካ ውስጥ ብሎን የሚያጠብቀው መሣሪያ ያጠበቀበትን ኃይል ራሱ ይመዘግባል፤ ያልጠበቀ ካለ መስመሩ ይቆማል። እኔም እንጀራዬ ይኸው ነው። ሰው ከሚታመን ኮድ ቢፈትሸው ይሻላል ብሎ የሚያምን ሙያ ውስጥ ነኝ። ስለዚህ ክርክሩን እስከ ጫፉ ልውሰደው። ሮዳጅም ለሰው ሕሊና ለምን ይተዋል? ሶፍትዌሩ ለምን አይሠራውም?

ደግሞ ይሠራዋል። ስምንተኛው ትውልድ ኮርቬት የመጀመሪያዎቹ 500 ማይሎች እስኪያልፉ ድረስ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ የሞተሩን ጉልበት ራሱ ይቀንሳል። ነጂው ጠባዩ ቢከፋም ቢያምርም ለውጥ የለውም። ይህን ሳነብ አደነቅሁ፤ ተጠይቄ ቢሆን እኔም እጽፈው ነበር። ቆጣሪውን የሚያይ አንድ ሁኔታ፣ ጥቂት መስመር ኮድ፣ በቃ። ዋናው ነገር የሦስተኛው ባለቤት ጥቅም ከሆነ ኮዱ ከእኔ ሕሊና ይበልጣል፤ አይረሳም፣ ጓደኛው አይገፋፋውም፣ ባዶ መንገድ አያጓጓውም። «በጎ ምግባር በፈቃድ ካልሆነ ዋጋ የለውም» ብዬ ኮዱን መቃወም ለራሴ ንጽሕና ብዬ ሌላው ቆርቆሮውን ይሽጥ እንደ ማለት ነው። ኮድ ሊጠብቀው የሚችለውን ኮድ ይጠብቀው።

ግን ኮድ የሚጠብቀው አስቀድሞ የታሰበውን ነው። ይህን ከሥራዬ በደንብ አውቀዋለሁ። እኛ የምንጽፈው ፕሮግራምም ሦስተኛ ባለቤት አለው፤ እኛ ሥራ ከለቀቅን በኋላ ሲስተሙ ሌሊት ሲወድቅ ከእንቅልፉ ተነስቶ የሚያነበው ልጅ ነው። ፍተሻዎቻችን ስህተት ይይዛሉ፤ «ይህን ለምን እንዲህ አደረግነው?» የሚለውን ያልጻፈ ሰው ግን አይይዙም። ያቺን ሁለት መስመር ማብራሪያ መጻፍ ወይም አለመጻፍ ዛሬም በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ ነው። እኔም በሌሊት የተነሳው ልጅ ሆኜ አውቃለሁ፤ ማብራሪያ ትቶልኝ የሄደ የማላውቀው ሰው በሰላሳ ደቂቃ ወደ አልጋዬ መልሶኛል። መኪናም ላይ እንዲሁ ነው። 500 ማይሉ ካለፈ በኋላ ብርድ ባደረበት ጠዋት ዘይቱ ሳይሞቅ መርገጥ አለመርገጥ የማንም ኮድ ሙሉ በሙሉ አይወስነውም።

የቤንዚን ሞተር ዘመን እያለቀ ስለሆነ ጥያቄው አብሮ ያልቃል የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ኢትዮጵያ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። የኤሌክትሪክ መኪና የሚለማመድ የፒስተን ቀለበት የለውም፤ የባትሪው ጤንነትም በመሣሪያ ይነበባል፤ የአከርሎፍ ሎሚ እዚያ ላይ ትንሽ ትጣፍጣለች። ደስ ይለኛል። ግን እዚያም ባትሪውን ለዓመታት እንዴት ሲሞላው እንደኖረ የሚያውቀው የመጀመሪያው ሰው ነው፤ የተዳከመውን ባትሪ የሚቀይረው ግን ሦስተኛው። ደግሞም አዲስ ቤንዚን መኪና በማይገባበት አገር ያሉት ዲኤክሶችና ቪትዞች ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ገና ብዙ ይኖራሉ። የብዙ ሰው ቆርቆሮ በነሱ ላይ ተንጠልጥሏል።

ስለዚህ ለጓደኛዬ ያለኝ መልስ ይህ ነው። «ለማን ነው የምትጠነቀቀው?» ሲለኝ በአእምሮው ያለው አንድ ስም ያለው ሰው ነው፤ ስም ከሌለ ዕዳም የለም ብሎ ነው። እኔ ደግሞ ከማውቀው ሰው ይልቅ የማላውቀው ሰው ብዙ እንደተጠነቀቀልኝ አያለሁ። ያገለገለ ዕቃ ለብሶ፣ ያገለገለ መጽሐፍ አንብቦ፣ ያገለገለ መኪና ነድቶ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ፈላስፋ መሆን የለበትም። ከእኛ በፊት የያዘው ሰው ጠንቅቆት ከሆነ ደረሰልን፤ አጎሳቁሎት ከሆነ ከፈልን። አሁን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተራው የእኔ ሆኖ መጀመሪያ ላይ ቆሜያለሁ። አዲስ ዕቃ መግዛት የሚሰጠው ትልቁ ነጻነት ይኸው ይመስለኛል፤ ሌሎች የሚወርሱትን የመወሰን ነጻነት።

ባለፈው ሳምንት 600ኛው ማይል አለፈ። ደወል አልተደወለም፣ መብራት አልበራም። በማግሥቱ ሞተሩ እስኪሞቅ ጠብቄ ወደዚያው አውራ ጎዳና በሚያስገባው መንገድ ላይ ማርሽ ሳልቀይር እስከ 7,000 ወጣሁ፤ ድምፁ ጓደኛዬ እንደገመተው ነው፤ እንዲያውም ይበልጣል።

አንድ ቀን ስሸጣት ለገዢው የምነግረው ብዙ ነገር ይኖራል። የዘይት ቅያሪ ደረሰኞቹን በቅደም ተከተል አስረክበዋለሁ፤ የሚለቅ ማርሽ ካለ እነግረዋለሁ። ስለ መጀመሪያዎቹ 1,000 ኪሎሜትሮች ግን አልነግረውም። ያጎሳቆለም ሰው ያንኑ ስለሚል የሚያምንበት ምክንያት አይኖረውም፤ ዋጋ ለማስጨመር የተወራ ወሬ ይመስላል። እሱም ለሚቀጥለው ሊያስተላልፈው አይችልም። ሦስተኛው ባለቤት ጋር የሚደርሰው ሞተሩ ብቻ ነው፤ ጠዋት ያስነሳታል፣ ትነሳለች፣ ወደ ሥራው ይሄዳል።